የሐጂ አማን ስልክ ሲታደስ

ስልኩ «አድሰኝ» ሲለው ወዲያው የሚያድስ ሰው ሚስት ለማግባትም ይቸኩላል፤ «በኋላ አስታውሰኝ» የምትለዋን የሚነካ ሰው ደግሞ ልጅ ለመዳር ያንገራግራል። በቃ! ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፣ ከጎባ ነው ያመጣሁት። እናንተ አንባቢዎቼ ከየትኛው ወገን እንደሆናችሁ አላውቅም። ግን አሁን ይህን እያነበባችሁ ሳለ ስልካችሁ «አዲስ ሥሪት ተዘጋጅቷል» ብሏችሁ በአውራ ጣታችሁ ጠረግ ካደረጋችሁት... ሴት ልጅም ካለቻችሁ... አደራችሁን፣ ደጃችሁ የመጣ ሽማግሌ ብዙ አታንገላቱ።

ሰይድ እባላለሁ፤ ከወሎ መጥቼ ሮቤ ላይ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አንዳንድ ሰው የእግር ኳስ መርሐ ግብር በቃሉ ይይዛል፣ እኔ ደግሞ የትኛው ስልክ መቼ አዲስ ሥርዓተ ክወና እንደሚደርሰው እይዛለሁ። ሥርዓተ ክወና ማለት ስልኩን ስልክ የሚያደርገው ነገር ነው፤ እሱ ባይኖር በእጃችሁ የያዛችሁት መስተዋት ነበር። አዲሱ ሥሪት በዓመት አንዴ ይወጣል፤ ከመውጣቱ በፊት ፈቃደኛ ለሆኑ ሰዎች ለሙከራ ይሰጣል፤ ቀጥሎ ለጥቂት ስልኮች፤ ቀጥሎ... ተዉት። ሰው ሁሉ ማዛጋት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አከራዬ ሼህ ከድር እንኳ፣ ሰው ሲናገር አቋርጠው የማያውቁት ጨዋ ሰው፣ እዚህች ቦታ ስደርስ ለሶላት መታጠብ፣ ውዱእ ማድረግ እንዳለባቸው ትዝ ይላቸዋል። ሶላቱ ገና ሁለት ሰዓት ቀርቶት!

እስከ መጨረሻው የሰማችኝ አንዲት ሰው ብቻ ናት። ካቻምና ከሮቤ ወደ ጎባ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ስልኳ አፕዴት ጠየቃትና «ይሄ ነገር ደግሞ ምን ይፈልጋል?» ብላ ለራሷ አጉረመረመች። ለራሷ ነው ያለችው፤ እኔ ግን እንደተጠየቀ ሰው መለስኩ። ከሮቤ ጎባ ምን ያህል መንገድ ነው? ጎባ ስንደርስ እኔ ገና ከሙከራው ሥሪት ወደ ወርሃዊው ጥገና እየተሸጋገርኩ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ረዳቱ በሩን ይዞ ቆሞ ያየናል።

«ታዲያ አሁን ልንካው ወይስ ልቆይ?» አለችኝ።

«ሁለት ሳምንት ቆዪ። ስህተቱን ሌላ ሰው ያግኘው።»

ሳቀች። ሙና ትባላለች፤ ጎባ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። እወዳታለሁ። ወጉን ለማሳመር የከተብኩት እንዳይመስላችሁ፣ በጣም ነው የምወዳት። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ጎባ የሚያስኬድ ጉዳይ እየፈጠርኩ ስንቴ እንደተመላለስኩ ረዳቱ ይመስክር።

አባቷ ሐጂ አማን ይባላሉ። ቤታቸው ጎባ፣ የስንዴ ማሳቸው በሲናና በኩል የሆነ፣ ነገር ሲያስቡ ነጭ ጺማቸውን ወደ ታች ሳብ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ደጃቸው ሽማግሌ ላክሁ። ዘመዶቼ ወሎ ስለሆኑ ሽማግሌዎቼን ከሮቤ ነው ያሰባሰብኩት፤ አከራዬ ሼህ ከድር፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ስልጤው ሸምሱ፣ እና አንድ ሦስተኛ ሰው። የሦስተኛው ሰው ሥራ «አሚን» ማለት ብቻ ስለነበር ከዚህ በኋላ አላነሳቸውም።

በመጀመሪያው ቀን ሐጂ አማን «እናስብበት» አሉ። አልከፋኝም፣ ደንብ ነው። በመጀመሪያ ጥያቄ ልጁን የሚሰጥ አባት የት አለ? በሁለተኛው ቀን ግን እንዲህ አሉ፦ «እኔ ከምርምር ጣቢያ አዲስ የስንዴ ዘር ወጣ ሲሉኝ ያንኑ ዓመት አልዘራም። መጀመሪያ ጎረቤቴ ይዝራው። ዋግ መታው አልመታው፣ ቆሜ አያለሁ። ይሄም ልጅ የሰው አገር ዘር ነው፤ አንድ በልግ ይታይ።»

አንድ በልግ ታየሁ! ዝናቡ ዘነበ፣ ስንዴው ታጨደ፣ እኔም ዋግ ሳይመታኝ ከረምኩ።

ለሦስተኛው ጊዜ ቁርጥ ያለ ቀን ተቀጠረ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። የሐጂ አማን ታላቅ ወንድም ኦቦ ሁሴን የሚኖሩት ብድሬ በምትባል ገጠር ነው፤ በዚያ ቤት ደግሞ ታላቅ ሳይፈቅድ ጊደር እንኳ አይሸጥም። ስለዚህ በዕለቱ፣ ተሲያት ላይ ከሚሰገደው የአስር ሶላት በኋላ፣ ኦቦ ሁሴን ወደ ሐጂ አማን ስልክ ይደውላሉ፤ «እሺ» ወይም «እምቢ» ይላሉ፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እርሻቸው ላይ ኔትወርክ ስለሌለ ለመደወል አንድ ጉብታ ላይ መውጣት አለባቸው። ከጉብታው አንዴ ከወረዱ ደግሞ በቀላሉ አይገኙም። የኔ ዕድሜ ልክ እንግዲህ በአንድ ጉብታና በአንድ ስልክ መካከል ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

ጠያቂው ልጅ በዚህ ቀን እዚያ ቤት ዝር አይልም። ነውር ነው። ስለዚህ ከቤታቸው ራቅ ብላ ባለች ሻይ ቤት ተቀምጬ የጎባን ብርድ በሻይ እየመከትኩ ሳለ ስልኬ ጠራ። ሸምሱ ነው፤ ያንሾካሹካል።

«ሰይዶ! ቶሎ ና!»

«ምነው? እሺ አሉ?»

«የምን እሺ! ሐጂን ስልካቸው አድሱኝ አድሱኝ እያለ አስቸገራቸው። ሼህ ከድር ደግሞ አንተን ሲያሞግሱ 'ልጃችን የስልክን ሆድ ዕቃ ጠንቅቆ ያውቃል' ብለው አረፉት።»

«እና?»

«'ታዲያ ይምጣና ይየዋ!' አሉዋ!»

«እንዴት አድርጌ ነው የምመጣው? ጠያቂው እኮ እኔ ነኝ!»

«እሱም ታስቦበታል። የምትመጣው እንደ ጠያቂ ሳይሆን እንደ ባለሙያ ነው። አፍህን ዘግተህ ጣትህን ብቻ ይዘህ ና።»

እስኪ ፍረዱኝ! ለሠርጌ ያሰብኩትን ሱፍ ለብሼ በጓሮ በር ገባሁ። ሳሎኑ ውስጥ ሽማግሌዎቼ በሶፋው ላይ ተደርድረዋል። መሀል ላይ በቅቤ የራሰ የገብስ ጩኮ ቀርቧል። ሐጂ አማን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ያ ጉርባ፣ ኮቱ» አሉኝ፣ ምንጣፉን እያሳዩ። «ና፣ እዚህ ተቀመጥ። ስምህ ማነው?»

«ሰ...»

ሼህ ከድር ሳሉ።

«ባለሙያው ነው» አለ ሸምሱ።

«ማሻአላህ። ባለሙያ» አሉ ሐጂ አማን፤ ጺማቸው ሥር ፈገግታ ያየሁ መሰለኝ። ልጅቷን የጠየቀውን ሰው ሳይጠሩት ሊያዩት ፈልገው ይሁን ወይ በእርግጥ ስልኩ አማርሯቸው፣ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ከጩኮው ግን አልደረሰኝም።

ስልኩን ሰጡኝ። «አምና ከገዛሁት ጀምሮ ይሄ ነገር ይጠራኛል። 'በኋላ' እለዋለሁ። በነጋታው ይመጣል። አሁንም 'በኋላ' እለዋለሁ። ደግሞ ይመጣል። ወላሂ እንዲህ ያለ ትዕግሥተኛ አላየሁም» አሉና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። «ቆይ፣ ለምንድነው አንዴ ጨርሶ የማይተወኝ? ሳያልቅ ነው እንዴ የሸጡልኝ?»

አሁን እዚህ ላይ «አዎ ሐጂ» ብሎ ሥራ መጀመር ነበር። ዝም አይነቅዝም። ግን እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው ከሙና ወዲህ አልነበረምና... አፌ ተከፈተ።

«ስልክ አልቆ አይሸጥም፣ ሐጂ። ትልቁ ሥሪት በዓመት አንዴ ይወጣል። መጀመሪያ ለሞካሪዎች ይሰጣል...»

«ሠርቶ ማሳያ» አሉ ሐጂ አማን።

«አዎ! ከዚያ የባለቤቱ ኩባንያ የራሱ ስልኮች ያገኙታል። ሌሎቹ አምራቾች ደግሞ የየራሳቸውን ቅመም ጨምረው ለየራሳቸው ስልክ ያሰናዱታል፤ እሱ ወራት ይፈጃል። ሲያልቅም ባንድ ቀን ለሁሉም አይለቁትም። ለጥቂት ሰው ይለቁና፣ የነዚያ ስልክ ካልተበላሸ ለሌላው ይጨምራሉ።»

«የዘር ብዜት በለኛ!» ሐጂ አማን ጺማቸውን ሳቡ። ሼህ ከድር በዓይናቸው «ውዱእ» ሊሉ ሲሉ ሐጂ ቀደሟቸው። «ዋግ ሲመታውስ?»

«ለሱ በየወሩ፣ ወይ በየሁለት ሦስት ወሩ፣ ትንንሽ ጥገና ይመጣል። ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ ይደፍንላችኋል። አሁን የሚጠራዎት እሱ ነው።»

«ትልቁስ መቼ ይደርሰኛል?»

አያችሁ፣ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ቀላል ነበር። «ይመጣል፣ ኢንሻላህ» ብል ማን ይጠይቀኛል? እኔ ግን እውነቱን ካልተናገርኩ ያመኛል።

«የእርስዎ ስልክ እንኳ... ትልቁ ከእንግዲህ አይመጣለትም።»

«ለምን?»

«አምራቹ ለየስልኩ የተወሰነ ዓመት ነው ቃል የሚገባው። የእርስዎ አልፎበታል።»

«አምና እኮ ነው የገዛሁት!»

«ዓመቱ የሚቆጠረው ከገዙበት ቀን አይደለም፣ ሞዴሉ ለገበያ ከወጣበት ቀን ነው። የእርስዎ ሱቅ ውስጥ ብዙ የቆየ ነው።»

«የከረመ ዘር ነው የሸጡልኝ!»

«ከዚህ በኋላም ይሠራል፣ ይደውላል። ግን... አርጅቷል።»

ሐጂ አማን ስልኩን አዩት፣ ከዚያ የገዛ እጃቸውን አዩ። «ይሠራል፣ ግን አርጅቷል» አሉ ቀስ ብለው። «የኔ ቢጤ ነው ማለት ነው።»

«አስተግፊሩላህ!» አሉ ሼህ ከድር።

«አይ! አይ ሐጂ! ያረጀ ስል... የበሰለ! የተረጋጋ ማለቴ ነው!»

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ያለው ሰው እኔን አይቶ መሆን አለበት። ሸምሱ ጩኮው ውስጥ ማንኪያውን እየነከረ በሆዱ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ለመሆኑ ስንት ሰዓት ይወስዳል?» አሉ ሐጂ።

«ግማሽ ሰዓት።»

«ኦቦ ሁሴን ከመደወላቸው በፊት?» አሉ ሼህ ከድር ዓይናቸውን አጥብበው።

«ኧረ በደንብ! ገና አስር ሶላት አልደረሰም።»

ነካሁት። ስልኩም ወዲያው «ቦታ የለኝም» አለ። ከፍቼ ባየው ጁምዓ ሙባረክ በሚሉ የአበባ ሥዕሎች ጢም ብሏል።

«እነዚህን ላጥፋ ሐጂ?»

«ዱዓ ያለበት ይጠፋል እንዴ?»

ተውኩት። ቀጥሎ ኮምባይነር ስንዴ ሲያጭድ የሚያሳይ ረጅም ቪዲዮ አለ። ቀጥሎም ያው ኮምባይነር፣ ያው ማሳ።

«አንደኛውን ላጥፋው? ሁለቱ አንድ ናቸው።»

«እንዴት አንድ ናቸው! ይሄ የዘንድሮ ነው፣ ያኛው የአምና።»

«ልዩነታቸው ምን ላይ ነው?»

«ስንዴው ላይ ነዋ!»

አንዲት ቀይ ጊደርም ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን ተቀርጻለች፤ እሷም አትነካም ተባለ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ቦታ የያዘ የመኪና ውድድር ጨዋታ አገኘሁ።

«ይሄስ የማን ነው?»

ሐጂ አማን ወደ መስኮቱ ዞረው ከሳነቴ ተራራ የሚወርደውን ጉም አዩ። ትንሽ ቆይተው «አጥፋው» አሉ፣ በሐዘን። እኔም የሁለት መቶ ሺህ ነጥብ ባለቤት ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

በራሴ ስልክ ኢንተርኔት እያካፈልኩት ጥገናው ወረደ። መጫን ጀመረ። ከዚያ... ጠፋ። ማለቴ ስክሪኑ ጠቆረና የአምራቹ ምልክት ብቻ መሀል ላይ በራ። ይህ ያለ ነው፤ ለባለሙያ አዲስ አይደለም። አዛን አለ። ሰገድን። ልቤ ስግደቱ ላይ ነበረች ብል ከአላህም ከእናንተም መጣላት ነው። ስንመለስ ምልክቱ አሁንም እየበራ ነው፤ ከሥሩ «ሠላሳ ከመቶ» ይላል። ግማሽ ሰዓቱ ካለቀ ቆይቷል።

ያኔ መብራት ጠፋ። ስልኩ ባትሪው ዝቅ ብሏል። ሸምሱ እንደ ነጋዴነቱ ከኮቱ ኪስ ፓወር ባንክ አወጣ፤ «ለሽያጭ ነበር፣ ይሁን» አለ። ሰካንለት። አምስት ሰዎች ምንጣፍ ላይ የተኛ ስልክ ከበን ቁጥር እንጠብቃለን። ሠላሳ አንድ... አንባቢዎቼ፣ እኔ በዚያች ሰዓት ፈራሁ። ብድሬ ላይ አንድ ሽማግሌ ጉብታ ወጥተው «የጠሩት ደንበኛ» የምትለዋን ሴት እያዳመጡ ነው። የሙናን ነገር የዘጋሁት ራሴ ነኝ። ባላጋራ እንኳ እንዲህ አድርጎ አይበድለኝም።

«እንግዲህ እስኪነሳ ድረስ ስለ ልጁ እናውራ» አሉ ሐጂ አማን ትራሳቸውን እያመቻቹ። «ጠባዩ እንዴት ነው?»

«ትሑት ነው፤ አንገቱን ቀና አያደርግም» አሉ ሼህ ከድር። አንገቴን ደፋሁ።

«ይቸኩላል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ኧረ በጭራሽ!» አለ ሸምሱ። እኔ ያን ጊዜ ስልኩን በጣቴ እየነካካሁ ነበር፤ እጄን ሰበሰብኩ።

«መልኩስ?»

ሸምሱ አየኝ። ጊዜ ወስዶ አየኝ። «ይሄን ያህል አይደለም። ግን ሲለምዱት ደህና ነው።»

«ከልጄ ጋር ይተዋወቃሉ?»

«የት አባቱ ያውቃታል!» አለ ሸምሱ።

«አላህ ያውቃል» አሉ ሼህ ከድር፤ እሳቸው ሐሰት አይናገሩም።

«አሚን» አሉ ሦስተኛው ሽማግሌ። ይቅርታ፣ አላነሳቸውም ብዬ ነበር።

ቁጥሩ መቶ ሞላ። ስልኩ ነዘረ፣ ዜማውን አሰማና ተነሳ። አልሐምዱሊላህ! ሸምሱ ጭኔን በጥፊ አለኝ። ሐጂ አማን አውራ ጣታቸውን አስቀመጡበት።

«እምቢ አለኝ!»

«ጠፍቶ ሲነሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣት አይቀበልም ሐጂ፤ የሚስጥር ቁጥሩን ያስገቡለት።»

«የምን ቁጥር? እኔ የማውቀው ጣቴን ነው!»

«ያኔ ሲገዙት ማን አስተካከለልዎት?»

«ሙና።»

ስሟ ሲጠራ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ጣራውን ማየት ጀመሩ። ልጅቷም በዚህ ቀን ሽማግሌ ፊት አትቀርብም፤ እሱም ነውር ነው። ምን እንደምናደርግ ስናስብ ስልኩ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ ቁጥር ብቻ እንጂ ስም የለም። ሐጂ አማን አዩትና ዘጉት።

«ሐጂ! ምነው?»

«ስም የሌለው ስልክ አላነሳም። አጭበርባሪ ነው፤ ዕጣ ወጣልህ ሊለኝ ነው።»

«ኦቦ ሁሴን ቢሆኑስ?»

«የወንድሜማ ስሙ ይመጣል፣ ፎቶውም ይመጣል!»

«ስልኩ ካልተከፈተ እኮ ስም አያውቅም! ቁልፉ እስኪከፈትለት ሁሉም ሰው ለሱ ባዳ ነው!»

ደግሞ ጮኸ። ደግሞ ዘጉት። በአንዲት ጣት ትዳሬን ሁለቴ ሲዘጉት አየሁ። በራሴ ስልክ ልደውልላቸው ብዬ ብለምንም «እሱም ስም የሌለው አያነሳም፤ ያንድ እናት ልጆች ነን» አሉኝ። ለሦስተኛ ጊዜ አልጮኸም። ሰውየው ከጉብታው ሲወርዱ በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝ።

ሐጂ አማን ጺማቸውን ሳቡ፣ ደግመው ሳቡ። «ሙና!» ብለው ተጣሩ።

ሙና መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ገባች። ሻሿን አስተካክላ፣ ሽማግሌዎቹን ጎንበስ ብላ ሰላም ስትል ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ፤ በሠርግ ሱፌ ምንጣፍ ላይ ተንበርክኬ የአባቷን ስልክ አቅፌያለሁ። ከንፈሯን ነከሰች። ለሳቅ ነው።

«የዚህን ስልክ ቁጥር ንገሪኝ» አሏት አባቷ።

ቀላችና አጎነበሰች። «አባ፣ ይስጡኝ፣ እኔ ልክፈተው።»

«የገዛ ስልኬን እኔ እከፍተዋለሁ። ንገሪኝ ብቻ።»

«ጆሮዎ ላይ ልንገርዎት።»

«ሜ፣ ቶሎ በይ! አጎትሽ ሊወርድ ነው!»

በሹክሹክታ ጀመረች። ሐጂ አማን ግን ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላልና የሰሙትን ሁሉ እየጮኹ ደገሙት። «ሰባት!» ነኩ። «ዜሮ!» ነኩ። ሸምሱ ከጩኮው ቀና አለ። «ሦስት!» ሸምሱ ማንኪያውን አስቀመጠ። እኔ ደግሞ ጆሮዬ ጋለ፤ በርግጥ አልተሳሳትኩም፣ ይህንን ቁጥር ከልጅነት ስሜ ቀጥሎ የማውቀው ነው። «ስምንት!» ስልኩ ተከፈተ።

«ይሄማ የኛ ልጅ ስልክ መጨረሻ...» ብሎ ሸምሱ አመለጠው። በየሳምንቱ ካርድ የሚሞላልኝ እሱ ነው። ሼህ ከድር እግሩን ረገጡት፤ ግን ዘግይተው ረገጡት።

«ወተት ጥጄ መጣሁ» አለች ሙና፤ መጋረጃው ከኋላዋ ሲወዛወዝ ቀረ። ከማጀት የወተት ሽታ የለም፣ የእሳትም ጭስ የለም።

ሐጂ አማን ሸምሱን አዩት። ቀጥሎ ሼህ ከድርን አዩ። «አይተዋወቁም አላችሁኝ?»

«አላህ ያውቃል ነው ያልኩት» አሉ ሼህ ከድር በትሕትና።

በመጨረሻ እኔን አዩኝ። አተኩረው አዩኝ። ስልኩን አምና ነው የገዙት፤ ቁጥሩም ያኔ ነው የገባው። እኔን ማሳ ላይ ዘርተው አንድ በልግ ሲያዩኝ ልጃቸው ቀድማ ወስና፣ ውሳኔዋንም በገዛ ኪሳቸው ይዘውላት ይዞሩ ነበር። ሊቆጡ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ለሰው ሁሉ የሚያሰለቸውን ወሬዬን ሰምታ ቁጥሬን ያኖረችዋን ሴት ላጣት ነው አልኩ በልቤ። ዓይኔን ስከፍት ሐጂ አማን ወደ ብድሬ እየደወሉ ነበር።

ኦቦ ሁሴን ገና አልወረዱም ኖሯል! ሐጂ አማን ስልክ የሚያወሩት ሁልጊዜ ድምፁን ለቀው ነውና የጉብታው ንፋስ ሳሎኑን ሞላው።

«ማል ተኤ?» ብለው ጮኹ ኦቦ ሁሴን። «ምን ሆነሃል? ስደውል ዝግ ነው፣ ሲከፈት ደግሞ ትዘጋብኛለህ! እኔን እዚህ ብርድ በላኝ!»

«ልጁ ስልኬን እያደሰው ነበር፣ ወንድሜ።»

«የቱ ልጅ?»

ሐጂ አማን የጩኮውን ገበታ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«አማቻችን» አሉ።

«እኔ መች ፈቀድኩና!»

«እሱስ የኔንም ፈቃድ አልጠበቀም። ከአምና ጀምሮ በራሱ ጊዜ ተጭኖ ኖሯል። አሁን እኔና አንተ የቀረን 'እሺ' የምትለዋን መንካት ብቻ ነው።»

እኔ ማንኪያ አፌ ውስጥ እንዳለ ቀርቻለሁ፤ አላኝክም፣ አልውጥም።

«እሺ፣ አላህ ይባርክላቸው» አሉ ኦቦ ሁሴን በመጨረሻ። «ልጃችንን ይውሰድ። የኔን ስልክ ግን እንዳይነካብኝ!»